ከጠገራ ብር ወደ ወረቀት፦ የድሮ የብር ኖቶች በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው

የብር ኖት እንዲጠፋ ሆኖ የተሠራ ዕቃ ነው። ማሰሮ ቢሰበር ገሉ ይገኛል፣ ማረሻ ቢዶለዱም ብረቱ ይቀራል። ኖት ግን ሲያረጅ ባንክ ሰብስቦ ያስወግደዋል፤ መንግሥት ሲለወጥም በአዋጅ ይሻራል። ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ከሣጥን ሥር ተረስቶ የቀረው፣ በመጽሐፍ መካከል ታጥፎ የተቀመጠው፣ ወይም ባለቤቱ ለልጅ ልጅ ያስቀረው ብቻ ነው። ስለዚህ የድሮ ኖት የሚሰበስብ ሰው ሥራው ዝንጋኤና ቁጠባ በአጋጣሚ ያተረፉትን መፈለግ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋ፣ በማንኩሳ፣ በደምበጫና በቡሬ ዙሪያ ደግሞ ፍለጋው ከሌላው አገር ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ይህ አገር ወረቀትን እንደ ገንዘብ የተቀበለው ዘግይቶና አመንትቶ ነው።

በዓለም የኖት ሰብሳቢዎች ዘንድ የክፍለ ሀገር ኖት ሲነሣ ከሚጠቀሱት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 በወጣ የባንክ ሕግ መሠረት የየግዛቱ ባንክ የራሱን ኖት ያወጣ ነበር። የሶኖራ ባንክ፣ የቺዋዋ የማዕድን ባንክና ሌሎችም በኒውዮርኩ የአሜሪካን ባንክ ኖት ኩባንያ ያማሩ ኖቶችን አሳተሙ። አብዮቱ ሲፈነዳ ጄኔራሎቹም ማተሚያ ቤት ገቡ። ፓንቾ ቪያ በቺዋዋ ያሳተመውን ሰፊ ኖት ሕዝቡ «አንሶላ» አለው፤ የሁለት ሰዎች ምስል ያለበትን ሌላውን ደግሞ «ሁለት ፊት» ሲል ጠራው። እ.ኤ.አ. በ1916 የካራንሳ መንግሥት «የማይጭበረበር» የተባለ ኖት ቢያወጣም ዋጋው በወራት ውስጥ ወደቀ። መላ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ የሜክሲኮ ባንክ ሲቋቋም ነው። በሜክሲኮ ሰብሳቢው የኖቱን አገር ከኅትመቱ ያነበዋል፤ የባንኩ ስም፣ የከተማው ስም፣ የጄኔራሉ ማኅተም ላዩ ላይ አለ።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ንጉሥም ሆነ ራስ፣ የጠቅላይ ግዛት ገዥም ሆነ ጦር አዛዥ በግዛቱ ስም የብር ኖት አላሳተመም። ከጣሊያን ወረራና ከእሱ ቀጥሎ ከነበሩት ዓመታት በስተቀር ኖት የሚወጣው ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ ባንክ ነበር። ስለዚህ የጎጃም ኖት የሚባል የለም፤ ጎጃም የገባ ኖት ግን አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህን አካባቢ ሰብሳቢ ሥራ በሙሉ ይወስነዋል። አንድ ኖት ይህን አካባቢ ማየቱን የሚናገረው የተገኘበት ቤትና ስለ እሱ የሚያውቅ ሰው እንጂ ኅትመቱ አይደለም።

ከወረቀት በፊት የነበረውን ሳያውቁ ወረቀቱን መረዳት አይቻልም። የጎጃም ገበያ ለረጅም ዘመን የሚዘረዝረው በአሞሌ ጨው ነበር። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ፣ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የመጣው ነጋዴና የጎጃም ነጋዴ በሚገናኙበት በባሶ ገበያ ላይ የደረሰ አሞሌ ብዙ መንገድ የተጓዘ፣ ስለዚህም የተወደደ ነው። ዝናብ ያገኘው አሞሌ ይሟሟል፤ ጠርዙ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይቀንሳል። ገንዘብ ሲያዙት መዳሰስና መመዘን የሚባለው ልማድ ሥሩ ከዚህ ነው።

ለትልቅ ግብይት ማርትሬዛ ነበር። ገበሬው ጠገራ ብር ይለዋል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ፣ በየትኛውም ዘመንና ከተማ ቢመታ፣ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፣ ብሩ ከመቶ 83 እጅ ይደርሳል። የጎጃም ገበያተኛ ሳንቲሙን አስጮኾ ድምፁን ይሰማል፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ መልኳ የተፋቀውን ይመልሳል። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ አስመትተው ያመጡት የራሳቸው መልክ ያለበት ብር፣ ከዝርዝሮቹ ከአላዱ፣ ከሩቡና ከተሙኑ ጋር፣ መልካም ሥራ ቢሆንም ማርትሬዛን ከገጠር ገበያ ሊያስወጣ አልቻለም። የጎጃም አንጥረኛ መስቀልና የአንገት ጌጥ የሚሠራው ከጠገራው አቅልጦ ነው። ለገበሬው ማርትሬዛ ገንዘብም ጥሪትም ነበር። የሚመታበት ቦታ ቪየና ይሁን ሌላ ከተማ የሚጨነቅበት አልነበረም፤ የሚያምነው ብሩን ነበር።

ይህ እምነት በቁሙም ክብደት ነበረው። ሺህ ማርትሬዛ 28 ኪሎ ይመዝናል። አንድ አጋሰስ መቶ ኪሎ ብትጭን የምትሸከመው ከሦስት ሺህ ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ለዚያውም ጠባቂ ያስፈልጋታል፣ ሽፍታ ይጠብቃታል፣ ዓባይን ትሻገራለች። የመጀመሪያዎቹ ባለ ባንኮች ያሰቡት ይህን ሸክም በወረቀት ለመተካት ነበር።

የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት ለ50 ዓመት ፈቃድ አግኝቶ። ባንኩ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ኖቶች አወጣ። በለንደኑ ብራድበሪ ዊልኪንሰን የታተሙት እነዚህ ኖቶች 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 500 ብር ነበሩ። በ5ቱ ላይ አጋዘን፣ በ10ሩ ላይ ነብር፣ በ50ው ላይ አንበሳ፣ በ100ው ላይ ዝሆን ይታያል። ጽሑፉ አማርኛና ፈረንሳይኛ ነው። ባንኩ ቅርንጫፎቹን የዘረጋው በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬ፣ በደሴና በጋምቤላ ነበር፤ ወደ ቡናና ወደ ባቡር መንገድ ያዘነበለ ሥርጭት ነው። ጎጃም ከዚያ ውጭ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በቡሬ ወይም በደምበጫ ቤት ውስጥ የአቢሲኒያ ባንክ ኖት ቢገኝ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣ፣ ወይም ወደ ሸዋ ተልኮ የነበረ ሰው ያስቀረው ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ኖት ላይ ሰብሳቢው መጠየቅ ያለበት ዋጋው ስንት ነው የሚለውን ሳይሆን ማን አመጣው የሚለውን ነው።

ከዚያ በኋላ ነሐሴ 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ተለወጠ። የአዲሱ ባንክ ኖቶች እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 የወጡ ሲሆን በ2 ብሩ ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን አሉ። ብርን በመቶኛ መክፈልም በዚሁ ጊዜ ገባ። ግን ዕድሜያቸው አጭር ነበር። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ ባንኩ ተዘጋ፣ ኖቶቹም ከገበያ ወጡ። አምስት ዓመት እንኳ ያልኖሩ ኖቶች ናቸው።

የጣሊያን ዘመን ለዚህ አካባቢ ሰብሳቢ ከሁሉ የሚያምረው ምዕራፍ ነው። ጣሊያኖች ሊሬን ሕጋዊ ገንዘብ አድርገው አወጁ። በኋላም በሮም የተዘጋጁ፣ «ልዩ ተከታታይ፣ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ጽሑፍ ላያቸው ላይ የታተመባቸው የ50፣ የ100፣ የ500 እና የ1000 ሊሬ ኖቶች እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 ወጡ። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን አልወደደም። በተለይ የአርበኛው እጅ በጠነከረበት በጎጃም፣ ዛሬ የሰጠውን ነገ የሚክድ የጠላት ወረቀት መያዝ ቂልነት ነበር። ጣሊያኖችም ይህን አውቀው ገና ከጦርነቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን መምቻ ከኦስትሪያ ተረክበው በሮም ማስመታት ጀምረው ነበር። እንግሊዝም ለንደን ላይ፣ በኋላም በቦምቤይ ያንኑ ሳንቲም፣ ያንኑ 1780 ዓመት እያስመታች ላከች። ጠላትም ወዳጅም የጎጃምን ሰው ለማግባባት የሟች ንግሥት ብር ማስመታት ግድ ሆነባቸው።

ከነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ሲገባ ለአርበኞች ካደረሰው ነገር አንዱ ጠገራ ብር ነበር። በጥር 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድንበር ሲሻገሩ፣ ከእሳቸው ጋር የነበረው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ጓዙን በግመል ጭኖ በበላያ በኩል ወደ ደጋው ወጣ። በየካቲትና በመጋቢት ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ ተለቀቁ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። የዛሬው የፍኖተ ሰላም መንገድ የዚያ ጉዞ መንገድ ነው። ጣሊያኖች ከቡሬ ሲወጡ የተውት ሊሬ ባለቤቱ ያላወቀው ወረቀት ሆነ። በአንዳንድ ቤት የልጅ መጫወቻ ወይም ግድግዳ ላይ መለጠፊያ የሆነ ሊሬ ካለ ከዚያ የተረፈ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ኖት በአስመራም በሞቃዲሾም በጎሬም ያገለገለ አንድ ዓይነት ወረቀት ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሻጭ የተገዛውን «የጎጃም ሊሬ» ማለት አይቻልም። ከነጻነት በኋላ እስከ 1937 ዓ.ም. የዞረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም እንደዚያው ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ መልክ አለበት እንጂ የኢትዮጵያ ስም የለበትም። ያለ ታሪኩ ሲታይ ናይሮቢም ሊሆን ይችላል።

ሽልንግ ስሙን ግን ትቶ ሄደ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ልደት በሚከበርበት ቀን የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲሱን ብር አወጣ። አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሒሳብ ስለገባ 50 ሳንቲሙ «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ፤ ሰውም እስከ ቅርብ ዘመን ይጠራው ነበር። የ50 ሳንቲሙን መሐለቅ በእውነተኛ ብር ማስመታት የታሰበበት ነገር ነበር። ማርትሬዛን የለመደ እጅ ወረቀቱን እንዲያምን ብር የሆነ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ለብሩ ጥሬ ዕቃውን ያቀረበችው አሜሪካ ነበረች።

በፊላደልፊያ የታተሙት የዚያ ጊዜ ኖቶች 1፣ 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 500 ብር ናቸው። ከኢትዮጵያ ኖቶች ሁሉ ለጎጃም ሰው ቅርብ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። በ1 ብሩ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ፤ በ5 ብሩ ላይ ደግሞ ቀፎ የተንጠለጠለበት ግራር።  ስብስብ የሚጀምር የጎጃም ወጣት ከእነዚህ ሁለት ቢጀምር አይከስርም። ኖቶቹ ዓመተ ምሕረት የላቸውም፤ የሚለዩት በገዥው ፊርማ ነው። ቀደምቱ የብሎወርስ፣ ቀጥሎ የጃክ ቤኔት፣ በመጨረሻ የሮዜል ፊርማ ነው። እኒህ ሦስቱ ባንኩን የመሩ የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. በወጣው ተከታታይ ግን የኢትዮጵያዊው የምናሴ ለማ ፊርማ ይታያል። ከፊርማ በስተቀር መልኩ አንድ የሆነውን ኖት በዚህ መንገድ በዘመን ማስቀመጥ ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነው።

በ1956 ዓ.ም. የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክ ሲመሠረት የአውጪው ስም ተለወጠ፤ በ1958 ዓ.ም. ሌላ ተከታታይ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሁሉም ላይ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ሙሉ ለሙሉ አዲስ ኖት ሲያወጣ የቀድሞው ተሻረ። በጊዜው ወደ ባንክ ያልደረሰ የጃንሆይ ኖት ለባለቤቱ ኪሳራ ሆነ፤ ለታሪክ ግን ተረፈ። ዛሬ ከመቀነት ቋጠሮ፣ ከሣጥን ሥር፣ ከዳዊት ውስጥ የሚወጡት አብዛኞቹ ኖቶች የዚያ ጊዜ ትራፊዎች ናቸው። ለባለቤታቸው ሐዘን የነበሩ ወረቀቶች፣ አሁን ልጆቹ የሚኮሩባቸው ናቸው።

በ1969ኙ ኖቶች ላይ የምስሎቹ ለውጥ በራሱ ታሪክ ያወራል። ከበሬው ይልቅ በ10 ብሩ ጀርባ ትራክተር ያርሳል፤ ፊቱ ላይ ሴት ስፌት ትሰፋለች። በ5ቱ ላይ ቡና ይለቀማል። በ1 ብሩ ጀርባ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ የጎጃም ልጅ ያንን ሲያይ የአገሩን መልክ በእጁ ይዟል። ይህ ኖት ለረጅም ጊዜ «1969» የሚለውን ዓመት ይዞ ስለታተመ እንደ ቀድሞው በፊርማ ይለያል፤ ከታደሰ ገብረ ኪዳን ወደ በቀለ ታምራት፣ ቀጥሎም ወደ ለይኩን ብርሃኑ ያልፋል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ተከታታይ ሁለቱንም ዓመት፣ የኢትዮጵያውንና የፈረንጁን፣ ጎን ለጎን ስለያዘ ሰብሳቢውን አስቸግሮ አያውቅም። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ ይህ አዲስ ኖት የአሮጌውን ብር ቦታ ተካ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው 200 ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ፤ ለመቀየሪያም ሦስት ወር ተሰጠ። የተሻሩት ኖቶች ትላንት የተለመዱ በመሆናቸው ማንም አይፈልጋቸውም። ሥራ የሚያውቅ ሰብሳቢ ግን ንጹሕ የሆኑትን ዛሬውኑ በትንሽ ዋጋ ያስቀምጣል።

የኖት ዋጋ በአብዛኛው በሁኔታው ይወሰናል። እጥፋት ያልነካው ኖት፣ አንድ ጊዜ የታጠፈ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ፣ ያለቀ ተብሎ ይለያል። የጎጃም ኖቶች ብዙ ጊዜ አራት ወይም ስምንት ላይ ታጥፈው ይገኛሉ፤ በመቀነት ጫፍ ተቋጥረው የኖሩ ስለሆኑ። ጓዳ ውስጥ የኖሩት ጢስ ያቀላቸው ናቸው፣ መሬት የተቀበሩትን ምስጥና ርጥበት በልቷቸዋል። እዚህ ላይ ትልቁ ጥፋት ማሳመር ነው። በሳሙና የታጠበ ኖት ቀለሙ ይገረጣል፤ በካውያ የተተኮሰ የኅትመቱን ጉብታ ያጣል፤ በስኮች የተለጠፈው ጊዜ ሲያልፍ ቡናማ ይሆናል። የመቀነቱ እጥፋት ለኖቱ የጎጃም ማስረጃው ነውና መፋቅ የለበትም። በርካሽ ለስላሳ ላስቲክ ማስቀመጥም አይበጅም፤ ላስቲኩ ውሎ አድሮ ዘይት ያወጣል። ፖሊስተር የሚባለው ጥርት ያለ ማኅደር ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ይሻላል። ከፀሐይና ከማድቤት ጢስ መራቅ ግዴታ ነው።

ሐሰተኛውን መለየት በጣት ይጀምራል። የድሮዎቹ ጥሩ ኖቶች በተቀረጸ ሰሌዳ የታተሙ ስለሆኑ መስመሩ ጣት ላይ ይሰማል፤ የፎቶ ኮፒ ግልባጭ ግን ልሙጥ ነው። ወረቀቱን ለብርሃን ማየት፣ ተከታታይ ቁጥሩን ማመዛዘን፣ ፊርማውን ከሌላ እውነተኛ ኖት ጋር ማነጻጸር ይከተላል። በጣሊያን ሊሬ ላይ ደግሞ ተራውን የአገራቸውን ኖት የምሥራቅ አፍሪካውን ጽሑፍ በኋላ አትመው የሚሸጡ አሉና ያ ጽሑፍ የተለየ ምርመራ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ሥራ መዝገብ ነው፤ ጎጃም ላይ ከሁሉም ይበልጣል። ከሜክሲኮ ሰብሳቢ ይልቅ የፍኖተ ሰላም ሰብሳቢ የበለጠ መጻፍ አለበት፣ ኖቱ ራሱ አገሩን አይነግርለትምና። ከእያንዳንዱ ኖት ጋር መቀመጥ ያለበት ቁራጭ ወረቀት የሚከተለውን ይይዛል፦ በየት ወረዳ፣ በየት ቀበሌ ወይም ጎጥ እንደተገኘ፤ በምን ውስጥ ተቀምጦ እንደነበረ፣ ሣጥን፣ ማሰሮ፣ መቀነት ወይም መጽሐፍ፤ ባለቤቱ እንዴት እንዳገኘው፣ የበሬ ዋጋ ይሁን ደሞዝ ወይም የበርበሬ ሽያጭ፤ እና የተጠየቀበት ቀን። ቃሉ በሚሰማበት ዕለት መጻፍ አለበት፤ የአረጋዊ ማስታወሻ ለወር ከቆየ ሰብሳቢው የራሱን ግምት ይጨምርበታል። ባለቤቱ ስሙ እንዲጻፍ ካልፈቀደ ስሙ ይቀር፣ ቦታው ግን ይጻፍ። ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፣ ስለዚህ ለውጭ ገዥ ከመሸጥ በፊት ጉዳዩ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። መዝገቡ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከስብስቡ ጋር፣ ሌላው ከሰብሳቢው ቤት ውጭ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ።